ባሕር ዳር በመወለዴ ብቻ

ሰው የሚወለድበትን ቦታ አይመርጥም፤ ስለ ተወለደበት ቦታ የሚያወራውን ግን ይመርጣል። እኔ ደግሞ ብዙ ማውራትን መረጥኩ። ጣጣዬ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

የተወለድኩት ባሕር ዳር ነው። ይህ እውነት ነው፤ ወረቀትም አለኝ። ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ አባቴ በሥራ ወደ ድሬዳዋ ተዛወረና እናቴ አዝላኝ መጣች። ከዚያ ወዲህ ጣናን ያየሁት በካርታ ላይ ብቻ ነው። ይኼኛው ግን ወረቀት የሌለው እውነት ስለሆነ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ በሆነበት ከተማ ውስጥ እየኖሩ «እኔ እኮ የሐይቅ ልጅ ነኝ» ማለት ምን ያህል ደረት እንደሚያስነፋ የሞከረው ያውቀዋል። ወንዛችን ደቻቱ ድንገት ጎርፍ ሲመጣበት ደግሞ ሰው ይሸሸዋል እንጂ አይዋኝበትም። ስለዚህ በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን፣ ሙቀቱ በርትቶ ወሬው ሲቀዘቅዝ፣ የውኃ ወሬ የእኔ ድርሻ ነበር። ስለ ታንኳ አወራለሁ፤ ስለ ዋና አወራለሁ፤ በልጅነቴ ስለተፋጠጥኩት ጉማሬ አወራለሁ። ጉማሬው በየዓመቱ ይወፍራል። እኔም እንዲሁ።

በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ያለው ሰው የጂኦግራፊ መምህር አጋጥሞት መሆን አለበት።

አንድ ቀን ዳይሬክተራችን ወይዘሮ ስንዱ ቢሮዋ አስጠራችኝ። አንድ ደብዳቤ በሁለት ጣቶቿ ይዛለች።

«ሐረማያ ሐይቅ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቀዘፋ ውድድር አለ። ተጋብዘናል። ስድስት ሳምንት ነው ያለን» አለች።

«ሐረማያ ላይ?» አልኩ። እኔ እኮ ይህን ሐይቅ ለስንት ዓመት «የደረቀ ሐይቅ» እያልኩ፣ በምሳሌነት ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ኖሬያለሁ። እንደገና ውኃ መያዙን ሰምቼ ነበር፤ የትምህርት ማስታወሻዬን ግን አላስተካከልኩም። ተመልሶ መጥቶ እኔኑ ሊፈትነኝ መሆኑ ነው።

«የስፖርት መምህሩስ?»

«እግሩ በጄሶ ታስሯል። ደግሞስ እሱ ውኃ የት ያውቃል? ያ ጉማሬ የተፋጠጠው ከማን ጋር ነው?»

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ግን ሁለት ነገሮች ያዙኝ። አንደኛው ኩራት ነው፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛው ጉጉት ነው፤ ይኼ የግል በሽታዬ ነው። የማላውቀው ነገር ካየሁ ክዳኑን ሳልከፍት እንቅልፍ አይወስደኝም፤ በዚህ የተነሳ ቤቴ ውስጥ የሚሠራ ራዲዮ የለም። ቀዘፋ እንዴት ያለ ነገር ይሆን? ሰው እንዴት ይሰለጥንበታል? «እሺ» አልኩ።

አራት ልጆች ተመዘገቡ። ሀምዲ ከመጋላ ሰፈር ናት፤ ቤተሰቦቿ የጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው፣ እሷም ምላሷ እንደ ጨርቅ መቀስ ነው። ናሆም የከዚራ ልጅ ነው፤ አያቱ ባቡር ላይ ሲሠሩ ኖረዋል። ናሆም በቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ ያችው አንዷ ግን ታስለቅሳለች። የቀሩት ሁለቱ ከሳቢያን የሚመጡ መንታዎች ናቸው፣ ሌንሳና ሌሊሳ። እነሱ ዝምተኞች ናቸው፤ ማለት በአማርኛ። በኦሮምኛ ስለ ሆዴ ሲወያዩ ይውላሉ። ድሬ ያደገ ሰው ኦሮምኛ እንደሚሰማ ያውቃሉ፤ ድሬ ላይ ምስጢር የሚወራበት ቋንቋ የለም። ግን ደንታ የላቸውም።

ልምምዱን በሩጫ ጀመርን። ፀሐይዋ ሳትጠነክር፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ተነስተን በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ሮጠን እንመለሳለን ብዬ አወጅኩ። አሠልጣኝ ከፊት ነው የሚሮጠው ብዬ ከፊት ሆንኩ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ መሐል ነበርኩ። ሁለተኛው ላይ ልጆቹ አይታዩኝም። አንድ ባጃጅ ግን ከኋላዬ ቀስ ብሎ ይከተለኛል፤ ልክ ቀብር እንደሚሸኝ ሰው።

«ቲቸር፣ ግባ አቦ!» አለኝ ሹፌሩ።

«እየሮጥኩ ነው።»

«ይኼ ነው ሩጫ? እኔ እኮ የታመምክ መስሎኝ ነው። ወላሂ ፊትህ ልክ አይደለም!»

ትንሽ ተከራከርን። ከዚያ ገባሁ። ባጃጁ ልጆቹ ላይ ሲደርስ አንገቴን አውጥቼ «ጉልበት ወደ ላይ! ትንፋሽ በአፍንጫ!» እያልኩ አሠለጠንኳቸው።

«ቲቸር፣ ባጃጁም ይወዳደራል?» አለች ሀምዲ፣ ሩጫዋን ሳታቋርጥ።

ውኃ ስለሌለን ጀልባችን የክፍል አግዳሚ ወንበር ነበር። አራቱን በሰልፍ አስቀመጥኳቸው፤ በየእጃቸው የወለል መወልወያ እንጨት ሰጠኋቸው። እኔ ስልኬ ላይ ካየሁት አጭር ቪዲዮ የያዝኩትን ያህል «አንድ! ሁለት!» እላለሁ። በሦስተኛው ቀን ናሆም የዕለቱን ጥያቄ ጠየቀ።

«ቲቸር፣ ቀዛፊ ለምንድን ነው ለሚሄድበት አቅጣጫ ጀርባውን የሚሰጠው? የሚሄድበትን አያይም እኮ።»

እኔም አላውቅም። እንደ ማንኛውም የማያውቅ መምህር «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለነገ የቤት ሥራ ይሁን» አልኩ። የቤት ሥራውን የሠራሁት ግን እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ጭንቅላቴን በላው። እውነትም ለምንድን ነው? ብስክሌት የሚነዳ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ ይቀመጣል? ምሳ ላይ እንጀራው እጄ ላይ ደረቀ።

ከሰዓት በኋላ የቤታችን ግቢ ጭር ሲል ሽርጤን አጠበቅኩና የባለቤቴን ትልቁን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሲሚንቶው ላይ አኖርኩት። ውስጡ ተቀመጥኩ። መጥረጊያ በእጄ አለ። መጀመሪያ ፊቴን ወደ መሄጃዬ አድርጌ ሲሚንቶውን ገፋሁት፤ ሳፋው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ዞሬ ተቀመጥኩ፤ እግሬን የሳፋው ጠርዝ ላይ አደላድዬ፣ መጥረጊያውን ወደ ራሴ ሳብኩ። በእጄ ብቻ ሳይሆን በእግሬም፣ በጀርባዬም፣ በሌለኝ ጉልበትም። ሳፋው አንድ ክንድ ያህል ሄደ! ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ደግሜ ሳብኩ። በዚህኛው ከሥሬ «ቋ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ቀና ስል ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች። ትዕግሥት ትባላለች፤ ከስሟ ያለፈ ግን የላትም።

«ወዴት ነው?» አለችኝ።

«ሐረማያ።»

«በዚህ?»

ሳፋው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ከውስጡ መውጣቱም ሌላ ልምምድ ሆነብኝ። በማግስቱ ናሆምን በኩራት «ሰው ሲስብ እግሩና ጀርባው ያግዙታል፤ ሲገፋ ግን ክንዱ ብቻውን ነው» አልኩት። እንዴት እንዳወቅኩ ጠየቀኝ። በጥናት አልኩ።

«በጥናቱ ነው እንዴ የምታነክሰው?» አለች ሀምዲ።

አሁን ስለ ኤዶ ዘህራ ልንገራችሁ። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ የትምህርት ቤቱ ተማሪ ሁሉ እንደዚያ ይላታል፣ እኛም። በሩ አጠገብ ሳምቡሳ የምትሸጥ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። ልምምድ ስንጀምር ጀምሮ ትስቅብናለች። የድሪያ ቀሚሷን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። በሆዴ የምትስቅ መስሎኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሆዴን ስስብ ከረምኩ።

አንድ ቀን ግን ሳምቡሳዋን ሸፍና ተነስታ መጣች።

«ዋርያ፣ ስሙ! እናንተ እንጨቱን ወደ ሰማይ ነው የምታደርጉት። በዚህ ባሕር አትሄዱም፣ ሰማይ ነው የምትሄዱት» አለች።

ሌንሳን ከወንበሩ አስነስታ ተቀመጠች። መወልወያውን ያዘች። አያያዟን ሳይ እጄ ላይ ያለው ፊሽካ ወደቀ። መጀመሪያ እግሯን ዘረጋች፣ ቀጥሎ ጀርባዋ ተከተለ፣ ክንዷ መጨረሻ ላይ መጣ። እንጨቱ ከመሬት ከፍ ሳይል ተመለሰ። ደገመችው። እሷ ደረቅ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳለ የውኃ ድምፅ የሚሰማኝ መሰለኝ።

«ይኼን የት ተማርሽ?» አልኩ።

«አሰብ፣ ቀይ ባሕር ላይ። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ እኔ ነበርኩ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ልምምድ የእሷ ነበር። እኔ ደብተር ይዤ ከልጆቹ ጋር ተቀመጥኩ። ዓሣው ሌሊት የት ያድራል? ነፋስ ሲገለበጥ ምን ታደርጉ ነበር? ጀልባ ሲሞላ ውኃው በምን ይቀዳል? ናሆም እንኳ የቀን ገደቡን ረስቶ ሦስት ጠየቀ። እሷ ትመልሳለች፣ እየመለሰችም የሌሊሳን ጀርባ በመዳፏ ታቀናለች። በአራተኛው ሳምንት ልጆቹ እንደ አንድ ሰው መተንፈስ ጀመሩ። እኔም፣ ማመን ይከብዳል እንጂ፣ ባጃጅ ሳልይዝ ባቡር ጣቢያ ደርሼ ተመለስኩ። ሹፌሩ አልፎኝ ሲሄድ ጥሩምባ ነፋልኝ።

በመጨረሻው ሳምንት ኤዶ ዘህራ ልጆቹ ፊት ድንገት ዞር ብላ «አንተ ግን ዋና ትችላለህ?» አለችኝ።

ሁሉም አዩኝ።

«ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል» አልኩ።

ልጆቹ ሲሄዱ ግን ጠብቃ ያዘችኝ። «ንገራቸው። ካልነገርካቸው የምትችል መስሏቸው ይተማመኑብሃል። አንተ ስትወድቅ ደግሞ ሊያወጡህ ይዘላሉ። እነሱም አይችሉም።»

«የመንሳፈፊያ ጃኬት ይሰጠናል እኮ።»

«ጃኬት ምላስ አለው? ንገራቸው ነው የምልህ።»

ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ ስል ነገ ስል ውድድሩ ደረሰ።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ወጣን። ወይዘሮ ስንዱ ከፊት፣ ኤዶ ዘህራ ከሳምቡሳ ባልዲዋ ጋር ከኋላ። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ እየበረደ ሄደ፤ ድሬ ተወልዳ ያደገችው ሀምዲ ጥርሷ እየተንገጫገጨ «ቲቸር፣ አየሩ ተበላሽቷል?» አለች። ከዚያ በመስኮቱ ሐይቁ ታየ። ሰፊ፣ ግራጫ፣ ዝም ያለ። ይህን ሁሉ ዓመት «ደርቋል» ያልኩትን ውኃ አየሁት። በጣም ብዙ ነበር።

አምስት ትምህርት ቤቶች መጥተዋል። ደንቡ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ቡድን በተራው ሁለት ጊዜ ይቀዝፋል፣ የተሻለው ሰዓቱ ይያዝለታል። አስተባባሪው በድምፅ ማጉያው ሲያስረዳ በፈገግታ እሰማ ነበር፤ «ጀልባው ላይ መሪ የሚይዘው አሠልጣኙ ነው» እስኪል ድረስ።

ወይዘሮ ስንዱ ትከሻዬን መታ አደረገች። «አይዞህ የባሕር ዳር ልጅ!»

የመንሳፈፊያውን ጃኬት አጠለቅኩ፤ አልዘጋ አለ፤ በገመድ አሰሩልኝ። ጀልባው ላይ ስወጣ ጀልባው በጣም ያዘነ ይመስል ወደ እኔ ዘመመ። ከኋላ ተቀመጥኩ። አራቱም ፊታቸው ወደ እኔ ነው። ለሚሄዱበት ጀርባቸውን ሰጥተው የሚያዩት እኔን ብቻ ነው። የሚመጣውን ማየት የምችለው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ይህ ሁሉ ገብቶኝ ሳለ ፊሽካው ተነፋ፤ ልጆቹ ሳቡ፤ ውኃው ከሥራችን ተንቀሳቀሰ። እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ቲቸር፣ ዓይንህን ጨፍነሃል!» ሀምዲ ጮኸች።

«እያሰብኩ ነው!»

«ቲቸር፣ ወዴት ነው የምንሄደው?»

ይህን ጥያቄ ማንም ቢመልስልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ልጆቹ ጥሩ ነበሩ፤ እኔ ስይዝ ስለቅ ግን መሪው እንደፈለገው ይዞራል። በጥሩ ጉልበት፣ በጥሩ ትንፋሽ፣ ወደማናውቀው አገር ሄድን። ከዚያ አንድ ነገር «ሿ» አለ። ቄጠማ ውስጥ ገብተናል። ጀልባው ከአንድ ገበሬ የውኃ መሳቢያ ቱቦ ጋር ተጋጭቶ ዘወር ሲል እኔ በጎን በኩል ውኃው ውስጥ ወደቅኩ።

«ሰመጥኩ! ሰመጥኩ!» ብዬ ጮኽኩ።

ጧ፣ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። አራት ጊዜ። አራቱም ከኋላዬ ዘለሉ። ሌሊሳ በአንገቴ ያዘኝ፣ ሌንሳ በጃኬቴ ገመድ፣ ሀምዲ በጆሮዬ። ናሆም «ቲቸር፣ አለሁ! አለሁ!» ይላል። ገበሬው ዳር ላይ ቆሞ ቱቦውን እንደያዘ «ማል በርባዱ?» አለን፤ ምን ትፈልጋላችሁ ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ቀና ብዬ ስቆም ውኃው ከጉልበቴ በታች ነበር።

ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ። እኔ ግን አልሳቅኩም። አንዳቸውም ዋና አይችሉም። ውኃው ጉልበት ይድረስ ራስ ይዋጥ አንዳቸውም አላዩም፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር። ዘለሉ። ኤዶ ዘህራ ያለችኝ ነገር አራት ጊዜ «ጧ» ብሎ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል።

ጭቃው ውስጥ ቆሜ ነገርኳቸው። «እኔ ዋና አልችልም። ባሕር ዳርን በሁለት ዓመቴ ነው የለቀቅኩት። ጣናን አይቼው አላውቅም።»

ሌንሳ የጃኬቴን ገመድ ለቀቀች።

«ጉማሬውስ?» አለች ሀምዲ።

«እሱም የለም።»

ከሁሉ እሱ ነው ያሳዘናት። «አቦ፣ ጉማሬውን እንኳ ተው!» አለች።

እየተንጠባጠብኩ ወደ መነሻው ተመለስኩና ወይዘሮ ስንዱና አስተባባሪው ፊት ቆምኩ። «የዚህ ቡድን አሠልጣኝ እኔ አይደለሁም። እሷ ናት» አልኩ፤ በጣቴ ኤዶ ዘህራን እያሳየሁ። አስተባባሪው እሷን አየ፣ ባልዲውን አየ፣ እኔን አየ።

«እሳቸው ሳምቡሳ እየሸጡ አይደለም እንዴ?»

«ትሸጣለች። አሠልጣኛችንም ናት። ልጆቹን ጠይቅ።»

ወይዘሮ ስንዱ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ፊቷ ላይ ጉማሬው ቀስ እያለ ሲሞት ይታየኝ ነበር። በመጨረሻ ወደ አስተባባሪው ዞራ «እሱ እንዳለው ነው፤ አሠልጣኟ እሷ ናት» አለች። ይህን ውለታዋን አልረሳም።

ኤዶ ዘህራ ምንም አልተግደረደረችም። ባልዲውን አምጥታ ሰጠችኝ። «ያዝ። እንዳይቀዘቅዝ ሸፍነው» አለች። ድሪያዋን ሰብስባ አሰረች፤ ጃኬቱን ከላይ ደረበች፤ ጀልባው ላይ ስትወጣ ጀልባው አልዘመመም። ተቀመጠችና መሪውን ይዛ በዝቅተኛ ድምፅ የሆነ ነገር አለቻቸው። ምን እንዳለቻቸው ለማወቅ የማልሰጠው ነገር አልነበረም።

ከዚያ ሄዱ። አራቱ እንጨቶች አንድ ላይ ይገባሉ፣ አንድ ላይ ይወጣሉ። ጀልባው እንደተሰመረ መስመር ነው። እኔ ዳር ላይ ቆሜ ከእነሱ ጋር እተነፍሳለሁ። እጄ ባልዲው ውስጥ መግባቱን አላወቅኩም ነበር። ሦስተኛ ሆኑ! ከአምስት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ የሠለጠነ ቡድን ሦስተኛ!

ግን አልቆሙም። የመጨረሻውን መስመር አልፈው ቀጠሉ። አስተባባሪው ፊሽካ ነፋ። ቀጠሉ። «የድሬዳዋ ቡድን ወደ ዳር ይመለስ!» በድምፅ ማጉያ ተጠሩ። ቀጠሉ፤ ሳይቸኩሉ፣ ወደ ሐይቁ መሐል።

«ወዴት ነው የሚሄዱት?» አለች ወይዘሮ ስንዱ።

«አላውቅም» አልኩ፤ አፌ ሙሉ ስለሆነ በደንብ አልተሰማም።

መሐል ላይ ሲደርሱ መቅዘፊያዎቹ ቆሙ። ጀልባዋ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ሆና ዝም ብላ ቆየች። ሽልማቱ ያለ እነሱ ተሰጠ፤ ሦስተኛ የወጣው ቡድን ሲጠራ እርጥብ ሱሪዬን እየጎተትኩ ወጣሁና ሜዳልያውን በቅባታም እጄ ተቀበልኩ።

በመጨረሻ ተመለሱ። ኤዶ ዘህራ የድሪያዋ እጅጌ እስከ ክርኗ ረጥቧል። ወደ ባልዲው ሄደች፣ ክዳኑን አነሳች፣ ወደ እኔ ዞረች። ሁለት ሳምቡሳ ቀርቷል። ስለዚህ ጉዳይ የተናገረችኝ በአፍ መፍቻዋ በአፋርኛ ስለነበር ቃሉ አልገባኝም፤ መልእክቱ ግን ደርሶኛል።

ወደ ድሬ ስንወርድ ሙቀቱ ቀስ በቀስ በመስኮቱ ገባ። ሀምዲ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር።

«እዚያ መሐል ላይ ምን ታደርጉ ነበር?» አልኳት። መቼም ሳልጠይቅ መታገስ አልቻልኩም።

«ምንም። 'እንጨቱን አንሱ፣ አታውሩ' አለችን። ዝም አልን። ከዚያ እጇን ውኃው ውስጥ ከተተችና ቀመሰችው። 'ጨው የለውም' አለች። ሳቀች። ከዚያ 'በቃ፣ እንመለስ' አለች።»

ወደ ኋላ ዞርኩ። ኤዶ ዘህራ ባዶውን ባልዲ እግሯ መሐል ይዛ በመስኮት ታያለች።

«ጨው ቢኖረው ኖሮስ?» አልኳት።

ዓይኗን ከመስኮቱ አነሳች።

«ያን ጊዜማ አልመለስም ነበር» አለች። «ልጆቹንም ይዤ።»